ፕሮፌሰር ቶማስ አዴዮዬ ላምቦ፦ አስታማሚን የሕክምናው አካል ያደረጉ አፍሪካዊ የአእምሮ ሐኪም

ናይጄሪያዊው ፕሮፌሰር ቶማስ አዴዮዬ ላምቦ በአፍሪካ ዘመናዊ የአእምሮ ሕክምና ታሪክ ስማቸው በቀዳሚነት ከሚነሡ ሐኪሞች አንዱ ናቸው። በሙያ ዘመናቸው የአእምሮ ሆስፒታል መርተዋል፤ በኢባዳን ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ትምህርት ክፍልን በኃላፊነት አስተዳድረዋል፤ በዓለም ጤና ድርጅትም እስከ ምክትል ዋና ዳይሬክተርነት ደርሰዋል። ስማቸውን ለትውልድ ያቆየው ግን ከሁሉም በላይ አንድ ሥራ ነው። በአእምሮ ሕመም የተያዘ ሰው ከወገኖቹ ተነጥሎ በአጥር ውስጥ እንዲዘጋበት ከማድረግ ይልቅ፣ ከአስታማሚው ጋር በመንደር እየኖረ በየዕለቱ ሕክምናውን ማግኘት እንደሚችል በተግባር አሳይተዋል።

የእኚህ ሐኪም የሕይወት ታሪክ ከትላልቅ ከተሞች ርቀው ለሚኖሩ ወገኖቻችን የሚያስተላልፈው ትምህርት አለው። በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን የሚገኘው የጨፋ ሸለቆ ለዚህ አብነት ሊሆን ይችላል። የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው ይህ ለምለም ሸለቆ የኦሮሞ፣ የአማራ፣ የአርጎባና የአፋር ሕዝቦች የሚገናኙበት ነው። በበጋ ወራት የአፋር አርብቶ አደሮች ግጦሽና ውኃ ፍለጋ ከብቶቻቸውን እየነዱ ይመጡበታል። በአካባቢው ሰው ሲታመም ዘመድ ያስታምማል፣ ጎረቤት ይጠይቃል፣ ወዳጃ ተቀምጦ ዱዓ ይደረግለታል፤ ክርስቲያኑም ወደ ጸበል ይወስደዋል። ሕመሙ የአእምሮ ሆኖ ከቤተሰቡ አቅም በላይ ሲሆን ግን፣ ለረጅም ዘመን የነበሩት አማራጮች ጠባብ ነበሩ። አንዱ ሕመምተኛውን በቤት ውስጥ አስሮ ማቆየት ሲሆን፣ ሌላው ከከሚሴ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ወደሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል መውሰድ ነበር። የፕሮፌሰር ላምቦ ሕይወት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሌላ መንገድ መኖሩን ያመለክታል።

ትውልድና ትምህርት

ቶማስ አዴዮዬ ላምቦ እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 1923 በደቡብ ምዕራብ ናይጄሪያ በምትገኘው አቤኦኩታ ከተማ ከዮሩባ ሕዝብ ተወለዱ። ናይጄሪያ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር ነበረች። በትውልድ ከተማቸው በባፕቲስት ሚሲዮን የወንዶች ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ ወደ እንግሊዝ ሀገር ተሻግረው በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጠኑ። እ.ኤ.አ. በ1948 ተመርቀው ወደ ሀገራቸው በመመለስ በጠቅላላ ሐኪምነት አገለገሉ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ዳግም ወደ እንግሊዝ አቅንተው፣ በለንደን ከሞድስሊ ሆስፒታል ጋር ተያይዞ በሚሠራው የሥነ አእምሮ ሕክምና ተቋም የስፔሻሊቲ ሥልጠና ወሰዱ። በዚህም በዘመናዊው ሥርዓት ከሠለጠኑት የመጀመሪያዎቹ አፍሪካውያን የአእምሮ ሐኪሞች አንዱ ለመሆን በቁ።

ወጣቱ ሐኪም ሥልጠናቸውን ጨርሰው ሲመለሱ የጠበቃቸው ሁኔታ አስቸጋሪ ነበር። የቅኝ ገዢው አስተዳደር በናይጄሪያ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያዎችን ማቋቋም የጀመረው በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 በሌጎስ ያባ በተባለ ስፍራ የተከፈተው ማቆያ ከእነዚህ አንዱ ነበር። ማቆያዎቹ ከሕክምና ይልቅ ለጥበቃ የታሰቡ ነበሩ። መንገድ ላይ የተገኘ ወይም ሰላም ያደፈረሰ ሕመምተኛ ይገባባቸዋል፤ ተሽሎት መውጣቱ ግን ብዙም የሚታሰብ አልነበረም። ሕዝቡም በበኩሉ እነዚህን ስፍራዎች ከእስር ቤት ለይቶ አያያቸውም ነበር። ሌላው ችግር የዕውቀት ነበር። በዘመኑ ስለ አፍሪካውያን አእምሮ የሚጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ በቅኝ ግዛት ሐኪሞች የተዘጋጀና በጭፍን ግምት የተሞላ ነበር። ድባቴ በአፍሪካውያን ዘንድ እምብዛም አይታይም፣ ምክንያቱም አፍሪካዊ ጥልቅ የኃላፊነት ስሜት የለውም የሚል አስተሳሰብ በባለሙያዎች መካከል ሳይቀር ተቀባይነት አግኝቶ ነበር።

ሆስፒታሉ ሳያልቅ የተጀመረ ሕክምና

ላምቦ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ሲጀምሩ በትውልድ ከተማቸው አቤኦኩታ አቅራቢያ፣ አሮ በተባለ ስፍራ አዲስ የአእምሮ ሆስፒታል በመገንባት ላይ ነበር። ግንባታው ግን አላለቀም፤ ሕሙማን የሚተኙበት ክፍልም ገና አልተዘጋጀም። በዚህ ጊዜ የነበራቸው ምርጫ ሕንጻው እስኪጠናቀቅ መጠበቅ፣ አለዚያም ያለ አልጋ የሚሠራ ሕክምና መፈለግ ነበር። ሁለተኛውን መረጡ።

በሆስፒታሉ ዙሪያ የገበሬ መንደሮች ነበሩ። ላምቦ የመንደሮቹን ሽማግሌዎች አነጋግረው ነዋሪዎቹ ለሕሙማን ክፍል እንዲያከራዩ አስማሙ። ለመታከም የሚመጣ ሰው ሁሉ ቢያንስ አንድ የቅርብ ዘመድ ይዞ እንዲመጣ ተደነገገ። እናት፣ ወንድም፣ አክስት ወይም ሌላ ዘመድ ሊሆን ይችላል። አስታማሚው ምግብ ያበስላል፣ ልብስ ያጥባል፣ ጠዋት ሕመምተኛውን ወደ ሆስፒታሉ ያደርሰዋል። ሕመምተኛው በቀን ውስጥ ከሐኪምና ከነርስ ጋር ይገናኛል፣ መድኃኒቱንና በዘመኑ የነበሩትን ሌሎች ሕክምናዎች ያገኛል፣ በሥራና በጨዋታ መርሐ ግብሮች ይሳተፋል። ከሰዓት በኋላ ከአስታማሚው ጋር ወደ መንደሩ ይመለሳል። ማታ ከባለቤቶቹ ጋር እሳት ይሞቃል፣ በበዓል ከሰው ጋር ይደሰታል፣ በለቅሶም ከሰው ጋር ይቀመጣል።

የመንደሮቹ ነዋሪዎች ከዚህ አሠራር ተጠቃሚ ሆነዋል። የቤት ኪራይ ገቢ አገኙ። ሆስፒታሉም በመንደሮቹ የንጹሕ ውኃ፣ የመጸዳጃ ቤትና የወባ ትንኝ መከላከል ሥራዎች እንዲስፋፉ ረዳ። ስለዚህ የአእምሮ ሕሙማን ወደ መንደር መምጣት በነዋሪው ዘንድ እንደ ሸክም ብቻ አልታየም። ላምቦ ይህን ሥርዓት ሲዘረጉ የመንደሩን ጥቅም አስቀድመው ማሰባቸው፣ ሥራው በሕዝቡ በጎ ፈቃድ ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል አድርጓል።

የአሮ መንደር ሥርዓት ተብሎ በዓለም የታወቀው ይህ አሠራር ሦስት ነገሮችን በአንድነት ያሟላ ነበር። በመጀመሪያ፣ ሕመምተኛው በሕክምና ላይ እያለም ልጅነቱን፣ ወንድምነቱን ወይም አባትነቱን አያጣም። በሁለተኛ ደረጃ፣ አስታማሚው በሳምንታትና በወራት ቆይታው ሕመሙን ይማራል፤ መድኃኒቱ መቼ እንደሚሰጥ፣ ሕመሙ ሊያገረሽ ሲል ምን ምልክት እንደሚያሳይ፣ ቁጣን በምን ዓይነት ዝግታ ማብረድ እንደሚቻል በዓይኑ አይቶ ይመለሳል። በሦስተኛ ደረጃ፣ ለእያንዳንዱ ታካሚ አልጋ፣ ምግብና ሌሊት የሚያድር ሠራተኛ ማቅረብ ስለማያስፈልግ ወጪው ከመደበኛ ሆስፒታል ያነሰ ነበር። ሆኖም የሆስፒታል አልጋ ፈጽሞ አያስፈልግም የሚል አቋም አልነበራቸውም። ሕመማቸው የጠናባቸውና የቅርብ ክትትል የሚሹ ታካሚዎች በሆስፒታሉ ውስጥ ይታከሙ ነበር።

ከባህል ፈዋሾች ጋር የተደረገ ትብብር

ላምቦ ካከናወኗቸው ሥራዎች ሁሉ ብዙ ክርክር ያስነሣው ከባህል ፈዋሾች ጋር መሥራታቸው ነው። በዮሩባ ሕዝብ ዘንድ የአእምሮ ሕመም ሲያጋጥም ቤተሰቡ በቅድሚያ የሚሄደው ወደ ባህል ፈዋሽ ነበር። ላምቦ ይህን እውነታ በመካድ ጊዜ አላጠፉም። ልምድ ያላቸውን ፈዋሾች ወደ አሮ ጋብዘው በሐኪሞች ክትትል ሥር ከሕሙማኑ ጋር እንዲነጋገሩ፣ የማኅበራዊ ኑሮ መርሐ ግብሮችን እንዲያስተባብሩ አደረጉ። ፈዋሾቹ የቤተሰብን ጠብ፣ የቃል ኪዳንን መፍረስ፣ የኃፍረትንና የፍርሃትን ስሜት በሕዝቡ ቋንቋና ሥርዓት የመዳኘት ብቃት ነበራቸው። ይህ ብቃት ከለንደን ተምሮ የመጣ ሐኪም በቀላሉ የሚያገኘው አልነበረም።

ከአውሮፓውያን ባለሙያዎችና ከአፍሪካውያን ምሁራንም ሳይቀር ነቀፌታ ገጥሟቸዋል። ይህ አሠራር አጉል እምነትን በነጭ ጋዋን እንደ መሸፈን የታያቸው ነበሩ። ላምቦ ግን በሕሙማን ላይ ጉዳት የሚያደርስን ድርጊት ከሚያጽናና ሥርዓት ለይተው ያዩ ነበር። ፈዋሾቹን ወደ ሆስፒታሉ ማቅረባቸው አሠራራቸውን በቅርብ ለመከታተል፣ የሚጠቅመውን ለመያዝና የሚጎዳውን ለማስቀረት ዕድል ሰጥቷቸዋል። በጎረቤታችን በሱዳንም ዶክተር ቲጋኒ ኤል ማሂ በተመሳሳይ ዘመን ከሃይማኖት መሪዎችና ከባህል ፈዋሾች ጋር ተከባብሮ የመሥራትን መንገድ ይከተሉ ስለነበር፣ ሐሳቡ በአንድ ሰው ብቻ የተወሰነ አልነበረም።

ምርምርና ጭፍን ግምትን የመመርመር ሥራ

ላምቦ በአሮ በነበሩበት ጊዜ ከሕክምናው ጎን ለጎን ጥናት ያካሂዱ ነበር። በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔቶች ባወጧቸው ጽሑፎች የቅኝ ግዛት ዘመን ባለሙያዎች ስለ አፍሪካውያን አእምሮ የደረሱባቸው ድምዳሜዎች በጥቂት ታካሚዎች ላይ የተመሠረቱ፣ የሕዝቡን ቋንቋና ኑሮ ያላገናዘቡ መሆናቸውን አመለከቱ። እነዚህ ድምዳሜዎች በዋናነት የተገለጹት እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ካሮተርስ እ.ኤ.አ. በ1953 በዓለም ጤና ድርጅት በኩል ባሳተሙት ሥራ ውስጥ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1961 በአቤኦኩታ የመጀመሪያው የመላው አፍሪካ የአእምሮ ሕክምና ጉባኤ ተካሄደ። ላምቦ ጉባኤውን በማሰባሰብ ዋናውን ድርሻ ወሰዱ። ናይጄሪያ ነጻነቷን ካወጀች አንድ ዓመት ብቻ በሆናት በዚያ ወቅት፣ የአህጉሪቱ የአእምሮ ሐኪሞች በራሳቸው ምድር ተሰብስበው ስለ ሕዝባቸው ጤና መምከራቸው ትርጉሙ ታላቅ ነበር። በዚያው ዘመን ከአሜሪካዊው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ አሌክሳንደር ሌይተንና ከባልደረቦቻቸው ጋር በአቤኦኩታ አካባቢ በሚገኙ መንደሮች የመስክ ጥናት አካሄዱ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1963 በመጽሐፍ ታተመ። ተመራማሪዎቹ በዮሩባ መንደሮች ያገኟቸውን የሕመም ምልክቶች ቀደም ሲል በካናዳ ገጠር ካገኟቸው ጋር አነጻጽረው፣ በሁለቱም ስፍራ ተመሳሳይ ምልክቶች መኖራቸውን አረጋገጡ። ድባቴ አፍሪካውያንን አይነካም የሚለው አስተሳሰብም መሠረት የሌለው ሆኖ ተገኘ።

በኢባዳን፦ ሕክምና፣ ትምህርትና ምርምር በአንድ ጥላ ሥር

እ.ኤ.አ. በ1963 ላምቦ የኢባዳን ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ፕሮፌሰርና የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። በአሮ በተግባር የተፈተነው ሐሳብ በዚህ ጊዜ ወደ ዩኒቨርሲቲ ገባ። አንድ የአእምሮ ሐኪም በሕይወት ዘመኑ ሊያክም የሚችለው የሰው ቁጥር ውስን ነው። ማንኛውም የሕክምና ተማሪ የአእምሮ ሕመምን ለይቶ ማወቅን ተምሮ ሲመረቅ ግን፣ ዕውቀቱ የአእምሮ ሐኪም ወደማይደርስበት ወረዳ ሁሉ ይደርሳል። የትምህርት ክፍሉ በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ሕሙማንን እያከመ፣ እዚያው ተማሪዎችን እያስተማረ፣ ከሕክምናው የሚነሡ ጥያቄዎችንም በምርምር እየመለሰ ይሠራ ነበር። ላምቦ በዩኒቨርሲቲው የሕክምና ፋኩልቲ ዲን፣ ቀጥሎም እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 1971 ምክትል ቻንስለር ማለትም የዩኒቨርሲቲው መሪ ሆነው አገልግለዋል።

ኢባዳን በዓለም የአእምሮ ሕክምና ምርምር ውስጥ ስሟ እንዲነሣ ካደረጉት ሥራዎች አንዱ የዓለም ጤና ድርጅት በ1960ዎቹ መጨረሻ ያስጀመረው ስለ ስኪዞፍሬንያ የተደረገ ዓለም አቀፍ ጥናት ነው። ጥናቱ በዘጠኝ ሀገሮች የተካሄደ ሲሆን፣ ኢባዳን የአፍሪካ ብቸኛ ማዕከል ነበረች። በጠቅላላው 1,202 ሕሙማን ተካተዋል። ሐኪሞቹ ሁሉ አንድ ዓይነት መጠይቅ ተጠቅመዋል፤ መጠይቁም ወደየሀገሩ ቋንቋ ተተርጉሟል። ሕሙማኑ ከሁለትና ከአምስት ዓመት በኋላ እንደገና ሲጠየቁ ያልተጠበቀ ውጤት ተገኘ። በኢባዳንና በሕንዷ አግራ የነበሩት ሕሙማን በሀብታሞቹ ሀገሮች ከነበሩት በአማካይ የተሻለ መሻሻል አሳይተው ነበር። ብዙዎች ለዚህ ምክንያቱ የቤተሰብና የመንደር ድጋፍ ሊሆን እንደሚችል ገመቱ። የአሮ ተሞክሮም ይህን ግምት የሚያጠናክር መሰለ።

ከሀገራችን የተገኘው ማስረጃ

የቤተሰብ ድጋፍ ብቻውን ይበቃል ወይ የሚለው ጥያቄ በቀላሉ የሚመለስ አልነበረም። በኢትዮጵያ ይህን ጥያቄ በጥልቀት የመረመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ትምህርት ክፍል ነው። ለዚህ ሥራ ቀደምት መሠረት ከጣሉት መካከል በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በሀገራችን የሠሩት የኔዘርላንድ ተወላጅ ሐኪም ሮበርት ጊል ይገኙበታል። ጊልና የሥራ ባልደረባቸው በአንዲት አነስተኛ የኢትዮጵያ ከተማ ነዋሪዎች መካከል ያለውን የአእምሮ ሕመም አጥንተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1969 አሳትመዋል።

ከዚያ ወዲህ በተለይ በቡታጅራ የተካሄደው ጥናት ዓለም አቀፍ ዕውቅና አግኝቷል። በ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በተጀመረው በዚህ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆናቸው ከ68,000 በላይ ሰዎች በየቤታቸው ተጠይቀዋል። የጥናቱ ባለሙያዎች ሆስፒታል የመጣውን ሕመምተኛ ብቻ አልቆጠሩም። በጓዳ የተቀመጠውን፣ በጎጆ የታሰረውንና ከቤቱ ወጥቶ የሚንከራተተውንም ፈልገው አገኙ። ስኪዞፍሬንያ ከተገኘባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። በቀጣዮቹ ዓመታት በተደረገው ክትትልም ከእነዚህ ሕሙማን አንድ ሦስተኛ ገደማ የሚሆኑት ሕመማቸው ያለማቋረጥ ሲቀጥል ታይቷል። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ለአሥር ዓመታት ሲጠኑ፣ ሞት ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ ቀድሞ እንደሚወስዳቸው ተረጋግጧል። ከሞት ምክንያቶቹ ትልቁን ድርሻ የያዙት ተላላፊ በሽታዎች ነበሩ። ይህም ማለት ብዙዎቹ በማንኛውም ጤና ጣቢያ ሊታከሙ በሚችሉ በሽታዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል።

ይህ ማስረጃ የላምቦን ሥራ አያፈርሰውም፤ ይልቁንም በትክክል እንድንረዳው ያደርጋል። በአሮ መንደሮች አስታማሚው ብቻውን አልነበረም። ከጀርባው በየዕለቱ የሚያገኘው ነርስ፣ ሐኪምና መድኃኒት ነበረው። የቡታጅራ ቤተሰቦች ከአሮ ቤተሰቦች ያነሰ ፍቅር አልነበራቸውም። ያጡት ከዚህ ፍቅር ጎን የሚቆም ሕክምና ነው። ሕክምና የሌለበት ማስታመም ቤተሰቡን ያደክማል፤ የደከመ ቤተሰብም ሳይወድ በግዱ ወደ ሰንሰለት ያመራል።

በዓለም ጤና ድርጅት

ላምቦ እ.ኤ.አ. በ1971 የዓለም ጤና ድርጅት ረዳት ዋና ዳይሬክተር ሆነው ወደ ጄኔቫ ሄዱ። በ1973 ወደ ምክትል ዋና ዳይሬክተርነት ከፍ ብለው በዋና ዳይሬክተሩ በዶክተር ሃልፍዳን ማህለር ዘመን እስከ 1988 በዚያው ኃላፊነት አገለገሉ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ድርጅቱ በአእምሮ ጤና ላይ ጠቃሚ አቅጣጫዎችን አስቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ1975 የታተመው የድርጅቱ የባለሙያዎች ኮሚቴ ሪፖርት በታዳጊ ሀገሮች የአእምሮ ሕክምና ከጠቅላላው የጤና አገልግሎት ጋር ተዋሕዶ እንዲሰጥና መሠረታዊው ሥራ በአካባቢው ባሉ የጤና ሠራተኞች እንዲከናወን መከረ። እ.ኤ.አ. በ1978 በአልማ አታ የተካሄደው ጉባኤም የመጀመሪያ ደረጃ የጤና አገልግሎትን የዓለም የጤና ፖሊሲ መሠረት አደረገው። በገበሬ መንደሮች መካከል የተጀመረው የአሮ ተሞክሮ ከዚህ አቅጣጫ ጋር የተስማማ ነበር።

ሕልፈትና ውርስ

ፕሮፌሰር ላምቦ ከጄኔቫ በኋላ ወደ ሀገራቸው ተመልሰው ኖሩ። በመጋቢት 1996 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 2004፣ በ80 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የአሮ ሆስፒታል ዛሬም በሥራ ላይ ነው። የመንደሩ ሥርዓት ግን በነበረበት መልክ አልዘለቀም። ከተሞች ሲሰፉ፣ ኑሮ ሲወደድና ዘመድ ሥራውን ትቶ ለወራት የሚያስታምምበት ዕድል ሲጠብ አሠራሩ እየቀነሰ ሄደ። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ቀላል አይደለም። በቤተሰብ ላይ የሚመሠረት ሕክምና የቤተሰቡን ጊዜ፣ ገቢና ድካም አብሮ ማሰብ ይኖርበታል።

ይህ ትምህርት ለሀገራችን ለምን ይጠቅማል?

አማኑኤል ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተመሠረተ በኋላ ለረጅም ዓመታት የሀገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ አገልግሏል። እ.ኤ.አ. በ1987 በዚሁ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና በመጀመሩ አገልግሎቱ ወደ ክልል ሆስፒታሎች እንዲወርድ በር ተከፈተ። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ትምህርት ክፍል ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በሀገር ውስጥ የስፔሻሊቲ ሥልጠና ጀመረ። ከዚያ በፊት ሀገሪቱ የነበሯት ጥቂት የአእምሮ ሐኪሞች የሠለጠኑት በውጭ ሀገር ነበር። አሁን በክልሎች የሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎችም ባለሙያዎችን ያሠለጥናሉ። ከእነዚህ መካከል በደሴ የሚገኘው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ለጨፋ ሸለቆ ቅርብ ነው።

በ2005 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አገልግሎቱ በመጀመሪያ ደረጃ የጤና ተቋማት እንዲሰጥ አቅጣጫ አስቀምጧል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአጋሮቻቸው ጋር በጉራጌ አካባቢ ባደረጉት ጥናት፣ በጤና ጣቢያ ሠራተኞች የሚሰጠው የከባድ አእምሮ ሕመም ክትትል በአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከሚሰጠው እንደማያንስ አሳይተዋል። በሶዶ ወረዳ የተደረገ ሌላ ጥናትም የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ወደ ሕሙማን ቤት እየሄዱ ከቤተሰብ ጋር ሲሠሩ፣ ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው ሰዎች ወደ ሥራና ወደ ማኅበራዊ ኑሮ የመመለስ ዕድላቸው እንደሚጨምር አረጋግጧል። የመድኃኒት አቅርቦት መቆራረጥና የሠለጠነ ባለሙያ ከቦታ ቦታ መዘዋወር ግን አሁንም መፈታት ያለባቸው ችግሮች ናቸው። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ሕመሙ ያገረሻል፤ ቤተሰቡም በሕክምናው ላይ ያለውን እምነት ያጣል።

የጨፋ ሸለቆ ነዋሪዎች በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል በተካሄደው ጦርነት ወቅት ብዙ ተፈትነዋል። ሐዘንና መፈናቀል ያለፈበት ሰው በእንቅልፍ ማጣት፣ በድንጋጤ፣ በድባቴ ሊሠቃይ ይችላል። ይህ ሕክምና ያለው ሕመም ነው። በዞኑ በዳዋ ጨፋም ሆነ በጅሌ ጥሙጋ፣ በአርጡማ ፉርሲ፣ በደዌ ሀረዋና በባቲ የሚኖር ማንኛውም ቤተሰብ የሚከተሉትን ነጥቦች ልብ ማለት ይጠቅመዋል።

የባሕርይ ለውጥ ያሳየ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ ከሰው የራቀ፣ እንቅልፍና ምግብ ያቆመ ወይም ሕይወቱን ስለማጥፋት የሚናገር ሰው ሲኖር ሳይዘገዩ ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ማቅረብ ያስፈልጋል። የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ መንገዱን ታሳያለች። ከታማሚው ጋር የሚያድር የቅርብ ዘመድ አብሮ ቢሄድና የሐኪሙን ምክር ቢሰማ መልካም ነው። ዱዓም ሆነ ጸበል ሕክምናን አይከለክልም፤ የታዘዘውን መድኃኒት ከሐኪም ሳይመክሩ ማቋረጥ ግን ሕመሙን ያባብሳል። ሰው ማሰር አካልን ይጎዳል፣ ቁስልን ያመጣል፣ ሕመሙንም አያድንም። ታማሚው ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ ይችላል የሚል ስጋት ሲኖር በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል።

የሃይማኖት አባቶች፣ የሀገር ሽማግሌዎችና የባህል ፈዋሾች በዚህ ሥራ ትልቅ ድርሻ አላቸው። ቤተሰብ በመጀመሪያ የሚያማክረው እነሱን ነው። ከእነሱ ዘንድ የመጣን ሕመምተኛ ወደ ጤና ጣቢያ ሲልኩት፣ የጤና ባለሙያውም ምክራቸውን በአክብሮት ሲቀበል፣ ታማሚው በሁለቱ መካከል መመላለስ አይከብደውም። በሰንበቴ የእሁድ ገበያ፣ በባቲ የሰኞ ገበያ የሚገናኘው ሕዝብ መልእክቱን ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው ያደርሳል። በግጦሽ ወራት ከሚመጡት አርብቶ አደሮች መካከል ክትትል ያለው ታማሚ ሲኖርም፣ ጉዞ ከመጀመሩ በፊት የሚበቃውን መድኃኒት እንዲይዝና ወረቀቱን ይዞ በሚደርስበት ጤና ጣቢያ እንዲቀርብ ማድረግ ከጤና ባለሙያዎቻችን ይጠበቃል።

ፕሮፌሰር ላምቦ ሕንጻ ባልተጠናቀቀበት፣ ባለሙያ ባነሰበትና ገንዘብ ባልተረፈበት ወቅት ሕክምናውን መጀመር ችለዋል። በእጃቸው የነበረው ሀብት መንደሩ፣ አስታማሚውና የሠለጠነ ባለሙያ ነበር። የጨፋ ሸለቆ ከእነዚህ ሦስቱ ሁለቱን፣ መንደሩንና አስታማሚውን፣ ከጥንት ጀምሮ ይዟል። ሦስተኛውን በየጤና ጣቢያው ሳይቋረጥ እንዲገኝ ማድረግ የጤና ሥርዓቱ ኃላፊነት ነው።